የትምህርት ቤት በር ላይ መጨናነቅን ለማቃለልና ልጆችን ከተሽከርካሪ አደጋ ለመጠበቅ፦ ለትምህርት ቤት አስተዳደሮችና ለወላጅ ኮሚቴዎች የተዘጋጀ የተግባር መመሪያ

በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ በብዙ ትምህርት ቤቶች በር ፊት የሚታየው ሁኔታ ከሳር ቤት እስከ አያት ብዙም አይለያይም። የተማሪ ሰርቪሶች መንገዱ መሐል ቆመው ልጆች ያወርዳሉ፤ የቤት መኪኖች ከኋላቸው ይደረደራሉ፤ መጠበቅ ያልፈለገው ሚኒባስ በተቃራኒው መስመር ገብቶ ያልፋል፤ በእግራቸው የሚመጡት ልጆች ደግሞ የእግረኛ መንገዱ በቆሙ መኪኖችና በመደብ ነጋዴዎች ስለተያዘ አስፋልቱን ይዘው ይሄዳሉ። ለዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ምላሽ ብዙ ጊዜ በጠዋት ሰልፍ ላይ «መንገድ ስታቋርጡ ግራና ቀኝ ተመልከቱ» ብሎ መምከር ብቻ ነው። ምክሩ ተገቢ ቢሆንም የሚጠበቅበትን ያህል ሊሠራ አይችልም፤ ምክንያቱም ችግሩ ያለው በልጆቹ ጠባይ ላይ ሳይሆን በበሩ ፊት ያለው ቦታና ሰዓት በተመደበበት ሁኔታ ላይ ነው። ቦታውና ሰዓቱ በሥርዓት ሲመደቡ መጨናነቁም አደጋውም አብረው ይቀንሳሉ፤ ይህ መመሪያም የሚያሳየው ያንን ማድረጊያ መንገድ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ለማስረዳት ሁለት እውነታዎች ይበቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሰዎችን በመግደል የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው የመንገድ ትራፊክ አደጋ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ተማሪ ማለት በአብዛኛው እግረኛ ነው። በሰርቪስ ወይም በቤተሰብ መኪና የሚመጣውም ልጅ ቢሆን ከወረደባት ቅጽበት ጀምሮ እግረኛ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ፍጥነት

አንድ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ብቻ የመለወጥ ዕድል ቢሰጠው፣ በበሩ ፊት የሚያልፉ ተሽከርካሪዎችን ፍጥነት ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማውረድን ቢመርጥ ትክክል ይሆናል። ምክንያቱ በስሌት ሊታይ ይችላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ ድንገት ልጅ ሲያይ፣ አደጋውን አስተውሎ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ባለችው አንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ 5 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በድምሩ 13 ሜትር ማለት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ደግሞ ፍሬን ከመርገጡ በፊት ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል፤ ሙሉ በሙሉ የሚቆመውም ከ27 ወይም 28 ሜትር በኋላ ነው። እንግዲህ ልጁ የተገኘው ከመኪናው 13 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ የመጀመሪያው መኪና ልጁ አጠገብ ደርሶ ሲቆም ሁለተኛው ግን ፍጥነቱን ምንም ሳይቀንስ ይመታዋል። ዝናብ በጣለ ቀን ወይም የመኪናው ጎማ ባለቀ ጊዜ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የመንግሥታት ተወካዮች እግረኛና ተሽከርካሪ በሚደባለቁበት ቦታ ሁሉ ከፍተኛው ፍጥነት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ያሳሰቡት በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

«ፍጥነት ከተቀነሰ መንገዱ ይዘጋል» የሚለው ስጋት በተደጋጋሚ ስለሚነሳ ለእርሱም መልስ መስጠት ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ቀጣና ብዙ ጊዜ ከ300 ሜትር አይበልጥም። ይህን ርቀት በ50 ኪሎ ሜትር ለማለፍ 22 ሰከንድ ገደማ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ለማለፍ ደግሞ 36 ሰከንድ ይፈጃል፤ አሽከርካሪው የሚያጣው 15 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። መንገዱን የሚዘጋው በቀስታ የሚሄድ መኪና ሳይሆን ያለ ቦታው የቆመ መኪና ነው።

መለካትና መቁጠር

ሥራው የሚጀምረው በስብሰባ ሳይሆን በመቁጠር ነው። በርካታ የወላጅ ኮሚቴዎች ጥያቄ ይዘው ወደ ክፍለ ከተማ ሄደው «እናየዋለን» የሚል መልስ ብቻ ይዘው የሚመለሱት የሚያቀርቡት አቤቱታ እንጂ ማስረጃ ስላልሆነ ነው። ለቆጠራው የሚመረጡት ቀናት መደበኛ የትምህርት ቀናት መሆን አለባቸው፤ የመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታትና የፈተና ወቅት ትክክለኛውን ገጽታ አያሳዩም። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት በመግቢያ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመውጫ ሰዓት ጥቂት ሰዎች ወረቀትና ስልክ ይዘው ቢመደቡ በቂ ነው።

በመጀመሪያ ከበሩ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 200 ሜትር ያለው አካባቢ በእጅ ይሣላል። በሥዕሉ ላይ በሮቹ፣ መገናኛዎቹ፣ የታክሲ መቆሚያው፣ ክፍት ቦዮችና ክዳን የሌላቸው ማንሆሎች፣ የእግረኛ መንገዱ የሚቋረጥባቸው ቦታዎች፣ በዛፍ ወይም በአጥር የሚከለሉ ኩርባዎች፣ ዜብራ ካለ ደግሞ ቀለሙ ምን ያህል እንደሚታይ ይመዘገባል። ከዚያም ልጆች በእርግጥ የሚያቋርጡበት ቦታ ላይ ነጥብ እየተደረገ በየ15 ደቂቃው ቁጥራቸው ይመዘገባል። ከዚህ ቆጠራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውጤት ዜብራው ከተቀባበት ቦታ ይልቅ ከታክሲ መውረጃው ወይም ከሱቁ ፊት ለፊት ብዙ ልጆች እንደሚያቋርጡ ነው። በዚህ ጊዜ ልጆቹን መውቀስ ትርጉም የለውም፤ መንቀሳቀስ ያለበት ዜብራው ነው። ሰው የሚሻገረው በሚያጥረው መንገድ እንደሆነ የቀለበት መንገዱ በቂ ትምህርት ሰጥቶናል፤ የእግረኛ ድልድይ እያለ መሐል አካፋዩን ዘልሎ የሚያልፈው ሰው ብዛት፣ ድልድዩ ለእግረኛ ጉልበትና ጊዜ ሳይታሰብ የተሠራ መሆኑን ያሳያል።

ፍጥነት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመንገዱ ዳር 50 ሜትር በሜትር ተለክቶ ሁለቱ ጫፎች በኖራ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አንድ ሰው ከእግረኛ መንገዱ ሳይወርድ ቆሞ በስልኩ ሰዓት መኪናው ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሁለተኛው የወሰደበትን ጊዜ ይይዛል። 6 ሰከንድ ከወሰደበት ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ3 ሰከንድ ተኩል ትንሽ ያለፈ ጊዜ ከወሰደበት ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ልኬቱ መንገዱ በተጨናነቀበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ትንሽ ሲከፈትም መደረግ አለበት፤ አርፍዶ እየሮጠ የሚመጣው ልጅና ባዶ መንገድ ያገኘው አይሱዙ የሚገናኙት በዚያን ጊዜ ነውና። ቢያንስ የ50 ተሽከርካሪ ልኬት ከተያዘ ለደብዳቤ የሚበቃ መረጃ ይገኛል።

ከቁጥሩ ጎን ለጎን ልጆቹን ራሳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገዳቸውን እንዲሥሉና የሚፈሩበትን ቦታ በቀይ እንዲያከብቡ ቢደረግ፣ ትልቅ ሰው የማያየውን ነገር ያሳያሉ፤ የጋራዥ መግቢያ፣ ውሻ ያለበት ቅያስ፣ ባጃጆች ወደ ኋላ የሚዞሩበት ጥግ። የጥበቃ ሠራተኞችና በአካባቢው የሚሠሩ ተራ አስከባሪዎችም በየቀኑ ለጥቂት የሚያመልጡትን አደጋዎች ያውቃሉ፤ እነዚህን «ለትንሽ ተረፈ» የሚባሉ አጋጣሚዎች ከነቦታቸው መመዝገብ፣ ሰው እስኪሞት ሳይጠበቅ አደገኛውን ቦታ ለመለየት ይረዳል።

ልጆችን ማውረጃና መቀበያ ቦታ

መጨናነቁ የሚወለደው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህ ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ በዝርዝር ሊታይ ይገባል። በበሩ አጠገብ መኪና ሊቆምበት የሚችል 30 ሜትር ቦታ አለ እንበል። አንድ መኪና ለመግባትና ለመውጣት የሚያስፈልገውን ጨምሮ 6 ሜትር ቢይዝ በአንድ ጊዜ 5 መኪኖች ይቆማሉ። እያንዳንዱ መኪና ልጁን አውርዶ በ1 ደቂቃ ውስጥ ቦታውን ከለቀቀ በአንድ ሰዓት 300 መኪና ሊስተናገድ ይችላል። ወላጁ ግን ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ቦርሳ አውጥቶ፣ ልጁን እስከ በር ሸኝቶና ከመምህር ጋር ሁለት ቃል ተነጋግሮ ሲመለስ 5 ደቂቃ ከፈጀ፣ ያው ቦታ በሰዓት የሚያስተናግደው 60 መኪና ብቻ ነው። የመኪናው ብዛት ሳይለወጥ የቦታው አቅም በአምስት እጥፍ የሚለያየው በቆይታው ርዝመት ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቶች መንገድ እንዲሰፋላቸው ከመጠየቃቸው በፊት ይህን ስሌት በራሳቸው በር ላይ ቢሠሩት መልካም ነው።

ስለዚህ ዋናው ሥርዓት የሚከተለውን ይመስላል። ከበሩ አጠገብ ያለው ቦታ ለማውረድ ብቻ ይሆናል፤ አሽከርካሪው ከመሪው አይነሳም። መጀመሪያ የደረሰው መኪና እስከ ቦታው ጫፍ ድረስ ይነዳል እንጂ በር ፊት ለፊት አይቆምም፤ ይህ አንድ ልማድ ብቻውን ከኋላ ያለውን ሰልፍ ከመገናኛው ያርቀዋል። ልጁ ቦርሳውን በእቅፉ ይይዛል፤ የሚወርደውም ሁልጊዜ በቀኝ በር፣ በእግረኛ መንገዱ በኩል ነው። ይህን ለማስቻል መኪኖቹ ትምህርት ቤቱ በቀኛቸው እንዲሆን በሚያደርግ አንድ አቅጣጫ ብቻ መምጣት አለባቸው፤ ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጡት በቀጣዩ አደባባይ ወይም መዞሪያ ዞረው ይመጣሉ። ከመንገዱ ማዶ አቁሞ ልጁን «ሮጠህ ተሻገር» ማለት ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። በር ከፍተው የሚቀበሉ ሁለት ሠራተኞች ወይም ተረኛ ወላጆች ከተመደቡ ቆይታው ከ1 ደቂቃም በታች ይወርዳል።

የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ወላጅ ይዟቸው መግባት እንዳለበት ግልጽ ነው። ለእነዚህ ወላጆች ከበሩ 100 ወይም 150 ሜትር ራቅ ያለ ማቆሚያ ቢመረጥላቸው፣ በአቅራቢያው ካለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የስብሰባ አዳራሽ ወይም የንግድ ሕንፃ ጋር በስምምነት የግቢው ቦታ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲፈቀድ ቢደረግ፣ ከዚያ እስከ በሩ ያለውን መንገድ ልጅና ወላጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዱታል። የእግረኛ መንገዱ ለዚህ ንጹሕና ክፍት መሆን አለበት።

የተማሪ ሰርቪሶች ከቤት መኪኖች ጋር መደባለቅ የለባቸውም። ግቢው ሰፊ ከሆነ ወደ ውስጥ ገብተው ቢያወርዱ ይመረጣል፤ ነገር ግን ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ መንዳት በጥብቅ ሊከለከል ይገባል። የ7 ዓመት ልጅ ቁመት ከ1 ሜትር ከ20 ብዙም ስለማያልፍ ከሚኒባስ ወይም ከሃይገር ኋላ የቆመ ልጅ ለአሽከርካሪው በመስታወት አይታየውም። ተሽከርካሪው ገብቶ ሳይመለስ የሚወጣበት ዙር ከሌለ፣ ልጆቹ ሁሉ ክፍል እስኪገቡ ድረስ ሰርቪሱ ከቆመበት አይንቀሳቀስ። እያንዳንዱ ሰርቪስ ልጆቹን የሚያወርድ፣ የሚቆጥርና የሚያሻግር ረዳት እንዲኖረው በውሉ ውስጥ ማስገባትም የትምህርት ቤቱና የወላጆች መብት ነው፤ ከመጠን በላይ የሚጭን ሰርቪስን ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ መታገሥ አይገባም።

ከሰዓት በኋላ ያለው መውጫ ከጠዋቱ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጠዋት ወላጆች ተበታትነው ሲመጡ ከሰዓት ግን ልጆቹ በአንድ ደወል ይወጣሉ፣ ወላጆችም ቦታ ለመያዝ ከግማሽ ሰዓት በፊት መጥተው ይቆማሉ። መፍትሔው ቀድሞ መምጣት ጥቅም እንዳይኖረው ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ በወፍራም ወረቀት ተጽፎ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ ይደረጋል፤ በመግቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ ቁጥሩን አይቶ ወደ ግቢው በስልክ ያሳውቃል፤ ልጁም መኪናው ሲደርስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በወረቀቱ ላይ የልጁን ስም መጻፍ አይገባም፤ ስሙን በመስታወት ላይ ያነበበ እንግዳ ሰው ልጁን በስሙ ሊጠራው ይችላልና።

ሰዓትን ማካፈል

ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ይህ ቢሆንም በጣም ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙበታል። መዋዕለ ሕፃናት፣ የመጀመሪያ ደረጃና ከዚያ በላይ ያሉት ክፍሎች በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ልዩነት ቢገቡና ቢወጡ፣ በበሩ ፊት የሚደርሰው ሰልፍ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል። በተለያየ ክፍል ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች እንዳይቸገሩ ቀድሞ የሚመጣው ልጅ በግቢው ውስጥ በመምህር ጥበቃ የሚቆይበት ቦታ ያስፈልጋል። በአንድ ሰፈር ሦስትና አራት ትምህርት ቤቶች ተቀራርበው በሚገኙበት ቦታ ደግሞ ርእሳነ መምህራኑ ተገናኝተው የደወል ሰዓታቸውን ቢያለያዩ አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ከሚያደርገው የበለጠ ውጤት ይገኛል። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጠዋቱ ፈረቃ የሚወጣበትና የከሰዓቱ የሚገባበት ሰዓት መገጣጠም የለበትም፤ በአንድ ጠባብ በር ሁለት የልጆች ጎርፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጋፋ ዳር ያሉት ወደ አስፋልቱ ይገፋሉ። የሚቻል ከሆነ ሁለተኛ በር ከፍቶ አንዱን ለመግቢያ ሌላውን ለመውጫ ማድረግ ይመረጣል።

መንገዱ ላይ መለወጥ ያለበት

መንገዱ የሚነካው ሥራ የትምህርት ቤቱ ሥልጣን አይደለም፤ የመንገዱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ሆኖም ምን እንደሚጠየቅ በትክክል ማወቅ የኮሚቴው ድርሻ ነው። «መንገዳችን አደገኛ ነው፣ መፍትሔ ይሰጠን» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ «በዚህ ቦታ፣ በዚህ ልክ፣ ይህ ይሠራልን» የሚለው ግን ሊመረመር ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ከፍ ተደርጎ የሚሠራ ዜብራ ነው፤ ማለትም ማቋረጫው እስከ እግረኛ መንገዱ ቁመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሁለቱም በኩል ተዳፋት ኖሮት ይሠራል። ልጁ ሳይወርድ በቀጥታ ይሻገራል፤ አሽከርካሪው ደግሞ ሳይፈልግም ፍጥነቱን ይቀንሳል። በጠፍጣፋ አስፋልት ላይ የተቀባ ዜብራ ብቻውን ፍጥነት የማስቀነስ ኃይል የለውም፤ ብዙ አሽከርካሪዎች ቅድሚያ የመስጠት ግዴታቸውን በማይፈጽሙበት ከተማ እንዲያውም ለልጁ የሌለ ዋስትና ያለ እንዲመስለው ሊያደርግ ይችላል። ከፍ ያለ ዜብራ መሥራት ካልተቻለ ከማቋረጫው በፊት በሁለቱም አቅጣጫ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይጠየቃል። ጥሩ ጉብታ በጉዞ አቅጣጫ 3 ሜትር ከ70 ያህል ርዝመትና ከ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ጀርባ ነው፤ በ30 ኪሎ ሜትር የሚያልፈውን መኪና አይጎዳም፣ በ50 የሚመጣውን ግን ያስገድደዋል። አጭርና ሹል የሆነው ጉብታ ግን መኪናን ይሰብራል፣ አምቡላንስን ያዘገያል፣ አሽከርካሪዎችም እርሱን ለመሸሽ ወደ ዳር ሲጠመዝዙ እግረኛ ላይ ይወጣሉ። ነዋሪዎች ተበሳጭተው በድንጋይና በአፈር ወይም በኮንክሪት በራሳቸው የሚሠሩት ጉብታ ምልክትና ቀለም ስለሌለው በሌሊት ለሚመጣ ሞተረኛ ሞት ሊሆን ይችላል፤ የዝናብ ውኃም ይገድባል። ንዴቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ መሄድ የለብንም።

የማቋረጫው ሁለት ጎን ከማናቸውም መኪና ነጻ መሆን አለበት። ዜብራው ከመድረሱ በፊት ባለው ቢያንስ 10 ሜትር ውስጥ የቆመ መኪና ካለ አሽከርካሪው ልጁን፣ ልጁም አሽከርካሪውን አያይም፤ ሲተያዩ ጊዜው አልፏል። በዚህ ቦታ የሲሚንቶ ምሰሶ ወይም ከባድ የአበባ ማስቀመጫ ማድረግ ከማስታወቂያ ይልቅ ይሠራል። በአንድ አቅጣጫ ከሁለት በላይ መስመር ባለው መንገድ መሐል ላይ ቢያንስ 2 ሜትር ስፋት ያለው መቆያ ደሴት ያስፈልጋል፤ ልጆች በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሄዱ 12 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት ለመሻገር 12 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል፣ በዚህ ጊዜ በ50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና 165 ሜትር ያህል ይጓዛል። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ ይህን ርቀትና ፍጥነት ገምቶ እንዲወስን መጠበቅ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር መጠየቅ ነው።

የእግረኛ መንገዱ ቢያንስ 1 ሜትር ከ80 ያህል ምንም ነገር ያልያዘው ስፋት እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ በበሩ ፊት ደግሞ ልጆች ስለሚሰበሰቡ ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ በበርካታ ዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል፤ ብዙ የትምህርት ቤት በሮች ግን ያሉት ከዋናው መንገድ ታጥፎ በሚገባው ኮብልስቶን ላይ ነው፤ ልጁም ከሰፊው የእግረኛ መንገድ ወጥቶ የመጨረሻዎቹን 200 ሜትሮች ከመኪና ጋር እየተጋፋ ይሄዳል። የኮሚቴው ጥያቄ በእነዚህ የመጨረሻ ሜትሮች ላይ ቢያተኩር ጥሩ ነው። መደብ ዘርግተው የሚነግዱትን እናቶች በደንብ አስከባሪዎች ከማስነሳት ይልቅ ከበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ መንገዱን በማይዘጋ ቦታ እንዲቀመጡ መነጋገር ይቻላል፤ እነርሱ የሚመገቡት ከዚያው ነው፣ ለልጆቹም ዓይን ናቸው።

ርካሽ በሆነ ነገር ብዙ መሥራት እንደሚቻል ማስረጃ አለ። በአዲስ አበባ በለገሃርና በሰባተኛ መገናኛዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀለምና በቀላል ዕቃዎች የተሽከርካሪው ቦታ ጠቦ የእግረኛው እንዲሰፋ፣ ማቋረጫውም እንዲያጥር ተደርጓል። በዳሬሰላም የተጀመረውና ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞች የተስፋፋው የትምህርት ቤት አካባቢ የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ደግሞ ጉብታ፣ ዜብራ፣ የእግረኛ መንገድና ምልክት በመሥራት፣ አንዳንዴም የትምህርት ቤቱን በር ከዋናው መንገድ ወደ ጸጥተኛው ቅያስ በማዛወር ብቻ በልጆች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ከሩብ በላይ ቀንሷል፤ በዚህም በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። በር ማዛወር በእኛም ከተማ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚቻል ነገር ነው፤ ከዋናው አስፋልት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ትልቁ በር ለክብር በዓል ሊቆይ ይችላል፣ ልጆቹ ግን በየቀኑ በጎን በር ቢገቡ ይሻላቸዋል።

ከአንዳንድ ቅያሶች ጋር በተያያዘ ሌላም አማራጭ አለ፦ በመግቢያና በመውጫ ግማሽ ሰዓት መንገዱን ለተሽከርካሪ ሙሉ በሙሉ መዝጋት። በጣሊያኗ ቦልዛኖ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ይህ አሠራር ዛሬ በለንደንና በፓሪስም ተስፋፍቷል። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» ዕለት መንገድ ዘግቶ በእግር መሄድን ለለመደው አዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይሆንም። የሚሠራው ግን ሌላ ማለፊያ ባለበት ቅያስ ነው፤ የአካባቢው ነዋሪዎችና አምቡላንስ እንዲያልፉ የሚከፈት ተንቀሳቃሽ መከላከያና የሚቆጣጠረው ሰው ያስፈልጋል።

የሚያሻግር ሰው

ተማሪ ትራፊኮች ልብስ ለብሰውና የ«ቁም» ምልክት ይዘው በየመንገዱ ሲቆሙ ማየት የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ልጅን በአስፋልት መሐል አቁሞ ተሽከርካሪ እንዲያስቆም ማድረግ ትክክል አይመስለኝም። መኪና የማስቆሙ ሥራ ለሠለጠነ አዋቂ ሰው ይሁን፤ ተማሪ ትራፊኮች ደግሞ እግረኛ መንገዱ ላይ ሆነው ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ይያዙ። ለአሻጋሪው ሰው አንጸባራቂ ልብስ፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክትና ከትራፊክ ፖሊስ የሚሰጥ ሥልጠና ያስፈልጋሉ።

አሻጋሪው ልጆቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን ያሳልፋል፤ አሥር ልጅ በአንድ ጊዜ ሲሻገር መኪናው የሚቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለተሽከርካሪውም ለልጁም ይጠቅማል። ክፍተት ሲያገኝ ራሱ ቀድሞ ወደ መሐል ይገባል፤ ምልክቱን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ልጆቹን የሚጠራው በሁሉም መስመር ያሉ ተሽከርካሪዎች መቆማቸውን በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ ከአስፋልቱ የሚወጣውም የመጨረሻው ልጅ ከተሻገረ በኋላ ነው። በከተማችን በጣም አደገኛው ነገር አንዱ አሽከርካሪ ቆሞ ቅድሚያ ሲሰጥ ከጎኑ ያለው ሳይቆም ማለፉ ነው፤ የቆመው አውቶቡስ ልጁን ስለሚሸፍነው የሚያልፈው መኪና ልጁን የሚያየው ከፊቱ ሲደርስ ነው። ይህን ልጆችም ቢሆኑ በተግባር ሊለማመዱት ይገባል፦ አንድ መኪና ቆመልህ ማለት ሁሉም ቆሙልህ ማለት አይደለም።

በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ልጆችን በተወሰነ ቦታና ሰዓት ሰብስቦ በሁለት ተረኛ ወላጆች መሪነት በእግር ማምጣትም ብዙ መኪና ከበሩ ያስቀራል። ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ርቀት 1 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሆኖ በመኪና የሚመጡ ልጆች ምን ያህል እንደሆኑ በመጠይቅ ቢጣራ፣ ኮሚቴው ሥራውን ከየት መጀመር እንዳለበት ያያል።

ጥያቄውን የት ማቅረብ

ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ማኅተም፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሊቀ መንበር ፊርማ ተዘጋጅቶ ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ቢቀርብ፣ ግልባጩም ለመንገዶች ባለሥልጣን፣ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢው የትራፊክ ፖሊስ ቢሰጥ ይመረጣል። በሰፈር ውስጥ ላለ ኮብልስቶን መንገድ ከወረዳው ጋር መነጋገር ይበልጥ ያፋጥናል። ከደብዳቤው ጋር በእጅ የተሣለው ካርታ፣ የቆጠራው ሰንጠረዥ፣ የፍጥነት ልኬቱና በተጨናነቀ ሰዓት የተነሡ ፎቶግራፎች ይያያዛሉ፤ በፎቶግራፎቹ ላይ የልጆች ፊት መታየት የለበትም። ባለሙያው ቦታውን እንዲያይ የሚጋበዘው በመግቢያ ሰዓት ይሁን፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መጥቶ ባዶ መንገድ ያየ ሰው ችግሩ የለም ብሎ ይመለሳል። መልስ እስኪመጣ ድረስ ግን ትምህርት ቤቱ በራሱ ሥልጣን ያለውን፣ ማለትም የማውረጃውን ሥርዓት፣ የደወሉን ሰዓት፣ የሰርቪሱን ውልና የአሻጋሪውን ቅጥር፣ ከመጀመር የሚያግደው ነገር የለም።

አዲሱን የማውረጃ ሥርዓት በአንድ ቀን ለማስለመድ መሞከር ግርግር ይፈጥራል። ከሳምንት በፊት በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ካርታውና ሥርዓቱ በአጭሩ ይገለጽ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ርእሰ መምህሩ ወይም ምክትላቸው ራሳቸው በበሩ ላይ ይቁሙ፤ ሥርዓቱን የሚጥስ ወላጅ በአክብሮት ግን ያለ አድልዎ ይነገረው፤ ባለሥልጣንም ሆነ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ዘመድ ይሁን። አንድ መኪና በር ፊት ለፊት እንዲቆም ሲፈቀድለት በማግስቱ አሥር መኪና ይቆማል።

ከአንድ ወር በኋላ ያው ቆጠራና ያው የፍጥነት ልኬት በዚያው ቦታ ይደገማል። ሰልፉ ካላጠረ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቆይታው ስላልቀነሰ ነው፤ የጥቂት መኪኖች ቆይታ በሰዓት ቢያዝ የትኛው እርምጃ ጊዜ እንደሚበላ ይታወቃል። ፍጥነቱ ካልወረደ ደግሞ ጉብታዎቹ ተራርቀው ተሠርተው እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል፤ በመካከላቸው ከ100 ሜትር በላይ ካለ አሽከርካሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ እንደገና ይፈጥናል። የዜብራ ቀለም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ብዙም አይቀርም፤ ስለዚህ የቀለም እድሳት ጥያቄ በሰኔ ገብቶ በጳጉሜን ሥራው እንዲጠናቀቅ፣ ክፍት ቦዮችም በዚያው ጊዜ እንዲከደኑ ቀድሞ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት።